ባለ አሥራ ሁለት መሳቢያው የኔቪል ታግ ቁም ሣጥን

በእኛ ሰፈር በስቴፕልፎርድ ኔቪል ታግን የማያውቅ የለም፤ ቢያንስ በሩን ያላስጠገነው የለም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አናጢ ነበር። ጎንበስ ሳይል በር የማይገባ፣ እጁ አካፋ የሚያህል፣ ሲያወራ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚሁ ከዝምታው ነው። ለሰው አፍ የተሰጠው ለሻይ ብቻ ነው እንዴ?

እኔ ኢቮን እባላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚሰበሰብ፣ ትንንሽ የብረት ወታደሮች የሚቀባና የሚያሰልፍ ክበብ አለን፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የገባሁት ባሌ አባል ስለነበር ሻይ ላፈላላቸው ነው። ባሌ ክበቡንም እኔንም ጥሎ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ዛሬ ፈረስ ቀብቶ የሚበልጠኝ ካለ ብቅ ይበል።

ስለ ኔቪል ለማውራት ስለ ሮላንድ ቤርድስሊ ማውራት የግድ ነው። ሮላንድ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ቀጭን፣ ተረበኛ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ሁለቱ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ተዋውቀው የናፖሊዮን ዘመን ጦር አብረው ሊያቆሙ ተስማሙ። ያኔ ወታደሮቹ የሚቀዱት ከእርሳስ ብረት ነበር፤ አንዱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ግን እጅ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። ሮላንድ ይቀባል፤ ኔቪል ደግሞ ከእግራቸው ሥር የሚሆነውን መቆሚያ ይሠራል፣ ቤቱም ያስቀምጣቸዋል። አንድ ጊዜ ኔቪል ራሱ ለመቀባት ሞክሮ ነበር። ሮላንድ ወታደሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየና «ይሄ ሰውዬ ኩፍኝ ይዞት ነው ወይስ ማርማላታ እየበላ ነው የተተኮሰበት?» አለው። ኔቪል ከዚያን ቀን ወዲህ ቡሩሽ አልነካም።

መቆሚያ ላይ ግን የኔቪልን ያህል የለም። የወንዝ አሸዋ በሴት ስቶኪንግ ይነፋል። የመጋዝ ብናኝ አረንጓዴ ያቀልማል። ለወደቀ ቅጠል ደግሞ የኔን የሻይ ዝቃጭ ከአዳራሹ ማንቆርቆሪያ ወስዶ ጋዜጣ ላይ ያደርቃል። ኮላውን ቀብቶ ይበትናል፣ እፍ ይላል፣ እንደገና ይበትናል። ሮላንድ የቀባው ወታደር ኔቪል መሬት ካልሰጠው የሱቅ ዕቃ ነው የሚመስለው፤ መሬት ሲያገኝ ግን ጭቃው ውስጥ ገብቶ የመሸበት ሰው ይሆናል።

በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ወታደር አቆሙ። ፊታቸው ደግሞ የሚታወቅ ነው። ሮላንድ ደብዳቤ ሲያድል ያያቸውን ሰዎች ነበር የሚቀባው። የፖስታ ቤቱን አለቃ ጢሙን ጠምዝዞ ከመድፍ አፍ ፊት አቁሞታል። ሥጋ ሻጩ አለ፣ የቀድሞው ቄስ አለ። እኔም ከጦሩ ኋላ ስንቅ የምትሸጥ ሴት ሆኜ አለሁ፤ አፌን ከፍቶ ነው የቀባኝ። «ስትዘጊው አይቼ ስለማላውቅ ነው» ብሎኛል፣ የሰይጣን ቁራጭ!

ከዚያ የሮላንድ ዓይን ታመመ። ዳር ዳሩ ትንሽ ያያል፣ መሃሉ ጥቁር ነው። ሐኪሞቹ መርፌ ወጉት፣ ምንም አልረዳውም። አንድ ቅዳሜ ቡሩሹን በከንፈሩ አሹሎ ቀለም ውስጥ ነከረ፤ የወታደሩን ፊት ፈልጎ አጣው፣ ቀለሙም አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ቡሩሹን አጥቦ፣ ጠርጎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኔቪል ማጽናናት አያውቅበትም። የሚያውቀው መሥራት ነው። አውሎ ነፋስ የጣለው የኦክ ዛፍ ግንድ ከአንድ ገበሬ ለምኖ ወስዶ አሰነጠቀው፣ ጓሮው ውስጥ ሦስት ዓመት አደረቀው። ከዚያ ቁም ሣጥን ሠራ፤ ከበሮቹ ኋላ አሥራ ሁለት መሳቢያ ያለው፣ አንድ ሚስማር ያልነካው። ለሮላንድ ሰባኛ ልደት መላው ክበብ ኔቪል ቤት ሄደን አየነው፤ የሮላንድ ቤት ጠባብ ስለሆነ የሚቀመጠው እዚያ ነው። መሳቢያዎቹ ልክክ ከማለታቸው የተነሳ አንዱን ስትገፉት ሌላው በአየር ተገፍቶ ብቅ ይላል። አናጢ የሚኮራው በዚህ ነው። ሮላንድ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሰና «ኔቪል፣ ሬሳዬንም እዚህ ክተትልኝ» አለ። ሳቅን፣ አጨበጨብን። ኔቪል እስከ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ሮላንድን በመኪና ያመጣዋል። እኔም ኬክ ይዤ ብቅ እላለሁ። ሮላንድ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ኔቪል አንድ መሳቢያ አውጥቶ ጭኑ ላይ ያደርግለታል። ሮላንድ በጣቱ እየዳበሰ ይጠይቃል።

«ሁለተኛ ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛው?»

«ሰማያዊ ኮት። ቀይ አንገት። አፍንጫው ትልቅ» ይላል ኔቪል።

«ዳቦ ጋጋሪው! ሚስቱ በር ስትከፍት ሁልጊዜ ከኋላዋ ይደበቅ ነበር።»

እንዲህ እያሉ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ኔቪል እንደዚያ ሲያወራ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። ለሮላንድ የቀሩት ዓይኖች ወታደሮቹ ነበሩ፤ ሰፈሩንም፣ ሥራውንም፣ ወጣትነቱንም የሚያየው በእነሱ ነው። ያንን ቢያጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ኔቪል የታችኛውን መሳቢያ ሲያወጣ ወታደሮቹ እግር ላይ ነጭ ነገር አየ። ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። እርጥበት መሰለው። አጸዳቸው፣ ወለሉን አደረቀ፣ የሣጥኑን በሮች ዳርቻ በወፍራም ጨርቅ ዙሪያውን ለብጦ አየር እንዳይገባ ከረቸመው። ሰው ልጁን ብርድ ሲፈራለት እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። ለማንም አልተናገረም።

መስከረም ላይ ነው ለኔ የደወለው። «ኢቮን፣ አንዴ ነይ» ብቻ ብሎ ዘጋው። ሄድኩ። አምስቱን የታችኛ መሳቢያዎች ሳበልኝ። እግዚኦ! ፈረሶቹ ጉልበታቸው ላይ ተሰብረው ወድቀዋል። ቀለሙ ሳይጎዳ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀርቷል፣ ውስጡ ግን ነጭ ብናኝ ነው። የሥጋ ሻጩን ፊት ነካ ሳደርገው ገባ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሽታ አለ፤ አቼቶ አቼቶ የሚል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«እርጥበት ነው።»

«የምን እርጥበት! እጅህን ታጠብ መጀመሪያ፣ ይሄ መርዝ ነው።»

አንዱን ፈረሰኛ በመሃረብ ጠቅልዬ ከተማ ወደሚገኝ ሙዚየም ወሰድኩት። ዕቃ የምትጠግን አንዲት ሴት በትልቅ መነጽር አየችውና ከሌላው ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «የተቀመጠው ኦክ ውስጥ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ኦክ ቢደርቅም ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ውስጥ አቼቶ አለ፤ አቼቶ ደግሞ እርሳስን ይበላል። ቦታው በታፈነ ቁጥር ይብሳል። ያልተነካው ዛሬውኑ ወጥቶ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ይተርፋል፤ ካልወጣ ግን ይቀጥላል አለችኝ።

ይሄን ለኔቪል የነገርኩበትን ቀን አልረሳውም። የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ሣጥኑ ነው» አልኩት።

«ሣጥኑ ምን?»

«ሣጥኑ ነው የሚበላቸው። ኦኩ።»

ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገ። «ጥሩ እንጨት ነው» አለ። «ሦስት ዓመት ነው ያደረቅኩት።»

«አውቃለሁ፣ ወዳጄ።»

«ጨርቁንም... ዙሪያውን የዘጋሁት...»

«አባባሰው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ያን የሚያህል ሰው። አንጀቴን በላው። ቢሆንም «ዛሬውኑ እናውጣቸው፣ ሐሙስ ለሮላንድ ንገረው» አልኩት።

«አይሆንም።»

«እንዴት አይሆንም?»

«መሳቢያውን በእጁ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ውስጥ ካደረግኳቸው ለምን ይለኛል። ምን ልበለው? የሠራሁልህ ስጦታ በላቸው ልበለው?»

«አዎ! እንደሱ በለው! ይጮህብሃል፣ ትችለዋለህ።»

«እስከ ገና ጊዜ ስጪኝ። ዘዴ እፈልጋለሁ። ኢቮን፣ ቃል ግቢልኝ።» እጄን ያዘ። ኔቪል የሰው እጅ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። እኔም ቃል ገባሁ። ምን ነካኝ? አዘንኩለት፣ በቃ። ሰባት ደህና መሳቢያ ነበር ያኔ።

ዘዴው ምን መሰላችሁ? ከሣጥኑ ጀርባ ቀዳዳ በሳ። አየር ያስወጣል ብሎ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሮላንድ የታች መሳቢያ ሲጠይቅ ውሸት መፈለግ ያዘ። መጀመሪያ «ለኤግዚቢሽን ተወስደዋል» አለው። በሚቀጥለው ሳምንት «መሳቢያው አብጦ አልከፈት አለ» አለው።

«አንተ የሠራኸው መሳቢያ?» አለ ሮላንድ።

«ዝናቡ ነው።»

ሮላንድ ፊቱን ወደሱ መለሰ። «እሺ፤ የላይኛውን አምጣልኝ እንግዲህ» አለ። እኔ ኬክ ቆርጬ አደልኩ። አፌ ውስጥ እንደ ጭቃ ሆነብኝ። በየሳምንቱ ኔቪል የሚያወጣው መሳቢያ ወደ ላይ ወደ ላይ እየሄደ ነው፤ ብናኙም ከሥር ይከተለዋል። ጥቅምት ላይ ደህናው አምስት ደረሰ። በስልክ ለፈለፍኩበት። «ከገና በኋላ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ፤ ዞሬ ለሮላንድ አልነገርኩም ግን። ቃል ገብቻለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ሮላንድ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና «ስድስተኛውን ስጠኝ፣ የባቫሪያ ወታደሮቹን» አለ።

«እሱም አብጧል።»

ሮላንድ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ሣጥኑን አገኘው፣ በሩን ከፈተ፤ የመሳቢያዎቹን እጀታ ከላይ ወደ ታች በጣቱ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኔቪል ሊያስቆመው እጁን ዘረጋ፣ ግን አልነካውም። ሮላንድ ስድስተኛውን ሳበው፤ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላዋ ተንሸራቶ ወጣ። እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ብናኙ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። አንድ ወታደር አነሳ፤ ግማሹ እዚያው ቀረ።

«ያበጠ መሳቢያ እንዴት እንዲህ ይከፈታል?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ኔቪል «ሮላንድ...» አለ።

«ስንት ቀረ?»

«ሦስት መሳቢያ። ከዚያ በላይ ጥቂት። ሦስት መቶ ምናምን።»

ሮላንድ መሳቢያውን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። የቆሸሸ እጁን ከልብሱ አራቀ። ያኔ ነው ይጮሃል ብዬ የጠበቅኩት። አልጮኸም። «እኔ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ይሄንን። ከታችኛው መሳቢያ አንድ ከበሮ መቺ አንስቼ ከሥሩ ሻከረኝ። ጣቴን አሸተትኩ። የአጎቴ ወታደሮችም እንደዚህ ነበር የሆኑት፣ ልጅ ሆኜ፤ እሱም ኦክ ውስጥ ነበር ያስቀመጣቸው። ሣጥኑ መሆኑን ወዲያው ነው የገባኝ።»

ኔቪል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያኔ ብትነግረኝ ስድሳ እንኳ አይሞሉም ነበር የተነኩት!»

«እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሦስት ዓመት እንጨት አድርቀህ። እኔ ስታየው ታወጣቸዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። ዓይን ያለህ አንተ ነህ አልኩ።»

«እኔም አንተ አታውቅም ብዬ...»

«ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ» ሮላንድ በጣቱ ቆጠረ። «በየሳምንቱ ኬክ እየበላን።»

«ስደበኝ» አለ ኔቪል። «ሮላንድ፣ በእናትህ ስደበኝ።»

«ምን ብዬ? ግማሹን የገደልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሮላንድ ወደኔ አቅጣጫ ዞረ። «ኢቮን እዚህ አለች አይደል? ይቅርታ፣ እቴ። አንቺን በማታውቂው ነገር አስጨነቅንሽ።»

ኔቪል መሬት መሬት አየ። እኔ «ምንም አይደል» አልኩ። ሞቼ ነው ያልኩት፣ ግን አልኩ። ከዚያም ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

በዚያ ቅዳሜ ሮላንድ አዳራሽ መጣ፤ ኔቪል አልነበረም ያመጣው፣ በአውቶቡስ ነው የመጣው። የተረፉትን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወታደሮች ኔቪል ራሱ በባዶ የአይስክሬም ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ ለስላሳ ወረቀት እያለበሰ አሰልፎ አስቀምጦ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዕቃ፣ በየዕቃው ሃያ አራት። ሠርቶ ሲጨርስ ኮቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሮላንድ ጠረጴዛው ጋ ቆመና እንድንጠብቅለት ዕቃዎቹን ስማችንን እየጠራ ያድል ጀመር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አለ። «ነጭ ነጥብ ካያችሁ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብትሆንም፣ ወዲያውኑ ደውሉልኝ። እየበላ ነው፣ ተኝቷል፣ ታሟል አትበሉ። ያዝናል አትበሉ። ጩሁብኝ።»

አሥራ ሁለት ሰው ተነስቶ ተቀበለ። አንዱ ከኋላ «ኔቪልስ?» አለ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት አስቦ አይደለም።

«ኔቪል ቢያይ አይነግረኝም» አለ ሮላንድ። «እኔም ሳውቅ አልነገርኩትም። ስለዚህ እኔም አልይዝም፣ እሱም አይዝም። የሚናገር ሰው ይያዛቸው።»

ኔቪል ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው እንደማለት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ዕቃ ቀረ። «ይሄማ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ» አለ ሮላንድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ኢቮን! ነገር አፍሽ ውስጥ አንድ ቀን የማታሳድሪ አንቺ ነሽ። ሃያ አራቱን ከሁሉም በላይ ባንቺ ነው የምተማመነው።»

ሁሉም ሳቀ። ኔቪል ብቻ አልሳቀም፤ ቀና ብሎ አየኝ። ከመስከረም ጀምሮ እንደማውቅ ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። ተነስቼ ሄድኩና ተቀበልኩ።